ለአረሙ የሚነገር ወሬ

ግንቦት 12

ይድረስ ለምወድሽና ለምፈራሽ አክስቴ፤

በመካከላችን የተዘረጋው ባሕርና አገር ሁሉ ሳያግደው ሰላምታዬ ደጃፍሽ ይድረስ። ዓይንሽን ያብራልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ የስፌት መኪናሽንም ከመሰበር ይጠብቅልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ማታ ማታ ወገቤ ይወቅሰኛል እንጂ ሌላ የሚያማርር ነገር የለኝም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እማዬን በስልክ ስጠይቃት መልሷ አንድ ነው፤ ደህና ነኝ፣ ሂሳብህ ይቆጥርብሃል፣ ዝጋው። እስክዘጋውም አትጠብቅ፣ ራሷ ትዘጋዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስልክ ቤት ተቀምጣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ የኖረች ሴት ከልጇ ጋር ለማውራት ጊዜ የላትም። አንቺ ደግሞ ጆሮሽ በመኪናው ድምፅ ደክሞ ስልክ አይሆንሽም። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ። መልስሽ ቢዘገይም እውነት ነው።

የግቢው ዘበኛ በስልክ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ጠዋት ጠዋት ሁለታችሁም በሁለቱ ቤት መካከል ባለው የአበባ መደብ፣ አንቺ በአንድ ጫፍ እሷ በሌላው፣ ጭቃ ላይ ተንበርክካችሁ አረም ትነቅላላችሁ አለኝ። እማዬ የደም ግፊት እንዳለባት ታውቂያለሽ። ሐኪሟ ጎንበስ ብለሽ አትሥሪ፣ ራስሽን ያዞርሻል ብሏታል። አንድ ቀን አዙሯት ከመደቡ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ብትወድቅ ማን ያነሳታል? አንቺ እንደሆነ አታናግሪያትም።

እዚህ የምሠራውን ታውቂያለሽ። የመሥሪያ ቤትና የሆስፒታል ግቢ አበባ የሚያሰማምር ድርጅት ነው፤ ግማሹ ሥራዬም አረም እንዳይበቅል ጥቁር ጨርቅ ማንጠፍ ነው። በእረፍት በሚመጣ ባልደረባዬ በኩል አንድ ጥቅል ልኬያለሁ። አደራሽን በደንብ አድርጊው። አረሙን አንድ ጊዜ ከነሥሩ አስነቅይው። መሬቱን አስደልድይው፣ ድንጋይ አይቅርበት። ጨርቁ ተወጥሮ ይነጠፍ፤ ሁለት ቁራጭ የሚገናኝበት ቦታ ላይ አንዱ በሌላው ስንዝር ያህል ይደረብ። ዳር ዳሩን አብሮት በላክሁት የታጠፈ ሽቦ ይቸንከር። ጽጌረዳው ባለበት ቦታ በመቀስሽ መስቀለኛ ቅደጅለት፤ የተቀደደውን ጫፍ በክብሪት ለብለብ አድርጊው፣ ያለዚያ ይተረተራል። ከላይ ጠጠር ይልበስ። ውሃ ያስገባል፣ አረም አያስወጣም። ሁለታችሁም ጉልበታችሁ ያርፋል።

ሌላም አለ። ከተኮራረፋችሁ አራት ዓመት ሆነ። እኔ በሄድኩ ቀን የተጀመረ ኩርፊያ እኔ ሳልመለስ ማለቅ ይችላል። አስቢበት።

የእህትሽ ልጅ ጭራሮ


ሰኔ 25

ይድረስ ለልጄ ለጭራሮ፤

እንደ ስምህ ቀጥነህ አትቅር፣ ሥጋ ይስጥህ። አለቃህ ይውደድህ፣ ምቀኛህ ይታክተው፣ የያዝከው ሁሉ ይለምልምልህ፤ ከአረም በቀር ልበል መሰል፣ እንጀራህ እሱ ከሆነ።

ጨርቁ ደርሷል። ባልደረባህ ጨዋ ልጅ ነው፤ ተቀመጥ ስለው ቆሜ ልሂድ አለኝ።

አርባ ዓመት ጨርቅ ስዳስስ ኖሬ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም። ይህን ጨርቅ ያሉህ ሰዎች ጨርቅ አያውቁም። ድሩም ማጉም ፕላስቲክ ነው። ገና በመቀስ ጫፉን ስነካው ክሩ እንደ ባህታዊ ፀጉር ተበተነብኝ። እሱን በክብሪት ለብልቢው ትለኛለህ? ልብስ ሰፊ ጨርቅ አታቃጥልም፤ ታጥፋለች፣ ትዘመዝማለች። ይህን ከእኔ ቤት አድገህ አለማወቅህ አሳዘነኝ።

ስለ እናትህ ልንገርህ። አንነጋገርም፣ እውነት ነው። ምክንያቱንም በዓይንህ ያየኸው ነው። አንተን ስንሸኝ የለበሰችውን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስለካት ላላ ላድርገው ብያት ነበር፤ የለም፣ ይያዝልኝ፣ ክንዴን ያሳምርልኝ ያለችው እሷ ናት። ልታቅፍህ እጇን ስትዘረጋ እጅጌው ከብብቷ ተቀደደ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን አለች? «ምን ላድርግ፣ የሰፊዋ ዓይን ደክሟል።» ሰው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ስንት ደንበኛ ጨርቁን እንደያዘ ወደ ሌላ ሰፊ እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ይቅርታ ሳትለኝ ቃል ከአፌ ላይወጣላት ማልኩ። እሷም ማለች። በምን እንደተቀየመች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እልህ እንደሆነ ከእኔ ትበልጣለች።

ቢሆንም አንነጋገርም ማለት አንሰማማም ማለት አይደለም። እሷ በእሷ ጫፍ ለአረሙ ትናገራለች፣ እኔም በእኔ ጫፍ ለአረሙ እናገራለሁ። «አንተ ሰርዶ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም» ትለዋለች። እኔ የራሴን ሰርዶ ይዤ፣ እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው ማታ ማታ ሻይ አይጠጣም እለዋለሁ። በማግስቱ ሻይ እንደተወችና እንደተኛች ትነግረዋለች። ባለፈው ወር መድኃኒቱ አፏን እንዳመረራትና እንደተወችው ስትነግረው ሰማሁ። ደነገጥኩ። ወዲያው አንዱን ትልቅ ሰርዶ ይዤ መዥረጥ አደረግሁና «መድኃኒት የሚተው እንዲህ ነው ከነሥሩ የሚነቀለው» አልኩት። ከሰዓት በኋላ መስኮቷ ላይ ቆማ ስትውጥ አየኋት። ብርጭቆውን ከፍ አድርጋ ነው የጠጣችው፣ እንዳየው።

የሚገርምህ፣ ለአረሙ ስትናገር ትጮኻለች። ሰርዶው ደንቆሮ ይመስል።

እንግዲህ አረሙ ከጠፋ የእናትህን ወሬ ከየት አመጣልሃለሁ? አንተም እኔም ጨለማ ውስጥ ልንቀመጥ ነው። ጨርቅህን ቁምሳጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ። ከእሱ ይልቅ ወፍራም ጨርቅ የሚበሳ የመኪና መርፌ ላክልኝ፤ እዚህ የሚሸጠው ገና ሲያዩት ይሰበራል።

አክስትህ


ሐምሌ 18

ይድረስ ለአክስቴ፤

ጤናና ትዕግሥት ይስጥሽ፤ ትዕግሥቱን ለእኔም ይላክልኝ፣ አልቆብኛል።

መርፌውን ልኬያለሁ፣ ለአምስት ዓመት ይበቃሻል። ሌላው የጻፍሽው ግን አንጀቴን አሳረረው። ሁለት ትልልቅ ሴቶች፣ ሰው የሚያከብራችሁ፣ በጭቃ ተንበርክካችሁ ከሰርዶ ጋር ታወራላችሁ። አንብቤ መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ አፈርኩ። ቀጥሎ ደግሞ ብግን አልኩ። በራችሁ ፊት ለፊት ነው። አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ይማርሽ ለማለት የምትችሉ ሰዎች በሣር አማላጅ ትነጋገራላችሁ?

ደግሞ ሰርዶ አይደነቁርም፣ አክስቴ። የምትጮኸው ለአንቺ ጆሮ ነው። እንዲህ ያለውን እያየሽ አላየሁም ማለት ትችያለሽ፣ ተክነሽበታል።

ይኼውልሽ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ጨርቅ ስናነጥፍ አንድ አዛውንት በሽተኛ ሊረዱን ብለው ከዳር አረም መንቀል ጀመሩ። አይሆንም አባባ ብንላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ብዙም አልቆዩ፣ ቀና ሲሉ ዞረባቸውና በግንባራቸው የጠርዙ ድንጋይ ላይ ወደቁ። ደማቸውን በጓንቴ ይዤ ሐኪም እስኪመጣ ጠበቅሁ። በእጄ የያዝኩት የእሳቸውን ግንባር ነው፣ ያየሁት ግን የእማዬን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እናንተ መደብ ሳስብ ምግብ አይወርድልኝም።

ስለዚህ ቀልዱ ይብቃ። ጨርቁን ከቁምሳጥን አውጪው። ወሬ ከፈለግሽ በሩን አንኳክተሽ ጠይቂያት። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተነጠፈ በቀጥታ ለእማዬ እጽፋለሁ። እሷ ስልክ ትዘጋብኝ ይሆናል እንጂ ቃሌን አትጥልም።

ምክሬን ካልሰሙኝ ግን ምን አደርጋለሁ፣ ትልቅ ነዎት። ጤና ይስጥዎት።

የእህትዎ ልጅ


መስከረም 4

ይድረስ ለተከበሩት ለአቶ ጭራሮ፤

አንቱ ካልከኝ እኔም አቶ ብልህ አይክፋህ። በጨቅላነትህ እኔ ጭን ላይ የተኛህ ልጅ ዛሬ አንቱ ስትለኝ ምን ያህል እንደተናደድክ ገባኝ። ይሁን፣ አዱኛ ይብዛልህ፣ ንዴትህም ይብረድልህ። መልስ ያዘገየሁት በሥራ ብዛት አይደለም። እኔም ተናድጄ ነው።

እንዳልከው ለእናትህ ጻፍክላት። ደብዳቤህ በደረሰ ማግስት ዘበኛው ቆቡን በእጁ ይዞ ደጃፌ ላይ ቆመ። ልጄ የላከው ጨርቅ ይሰጠኝ ብለዋል አለኝ። ከማን ተቀበል አለችህ ብለው፣ ስም አልጠሩም፣ በእጃቸው ወደዚህ አሳዩኝ አለኝ። አየህ የእናትህን ነገር? ስሜን እንኳ ለዘበኛ አትሰጥም።

እንዳለ እየተተረተረ ልስጣት? ከዚያ ምን ልትል ነው፣ የሰፊዋ ዓይን እንዲህ ያለውን ክር አያይም ልትል? ለዘበኛው ቆይ ነገ አልኩት። ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ መደቡ ላይ ወጣሁና የእያንዳንዱን ጽጌረዳ ግንድና ከዚያኛው ያለውን ርቀት ለካሁ። መርፌህ ደርሶ ነበር። ጨርቁን መኪናዬ ላይ አውጥቼ ዳሩን ዞሬ ዘመዘምኩት። የጽጌረዳውን ቀዳዳም እንደ ካፖርት ቁልፍ ቀዳዳ እያንዳንዱን ቀመቀምኩት። ነገ ያልኩት ወደ ሳምንት ሄደ። ደንበኞች ገብተው ይህ ምንድን ነው ሲሉኝ ለመሬት ቀሚስ እየሰፋሁ ነው አልኳቸው። አንዲት ክር አልወጣችም። ዓይኗ የደከመ ሴት እንዲህ አትቀመቅምም።

አሁን ሳቅብኝ። ዘበኛውና አንድ የቀን ሠራተኛ ጨርቁን ይዘው መደቡ ላይ ሲቆሙ ጽጌረዳው በቀዳዳው አላልፍ አለ። የለካሁት ግንዱን ነበር፤ ከላይ ቅርንጫፍና እሾህ እንዳለው ረሳሁት። አርባ ዓመት አንገት ስቀድ ራስ ማለፍ እንዳለበት ያልዘነጋሁ ሰው ለጽጌረዳ ዘነጋሁ። ቀዳዳውን በመቀስ ልናሰፋው ነው ሲሉ እንዳትነኩት ብዬ ጮህኩ። እናትህ ከበሯ ሆና ለሠራተኛው ተክሉን ከርክመው አለችው። የእኔን ቅምቀማ ከማስቀደድ የገዛ ጽጌረዳዋን አስቆረጠች። ለምን እንዲህ እንዳደረገች እስካሁን አልገባኝም። አሁን ከጥቁሩ ጨርቅ ላይ የቆመው ጉቶ ብቻ ነው።

ቸነከሩት፣ ጠጠሩን አለበሱት። አንተ የምትለው ሁሉ ተደረገ። በማግስቱ ጠዋት እናትህ እንደ ልማዷ ወጣች። እኔም ወጣሁ። መደቡን አየች፣ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችውና ገባች። እኔም ትንሽ ቆሜ ገባሁ። ለጠጠር ምን ይባላል? ከዚያ ወዲህ በጠዋት የምትወጣው ውሃ ልትደፋ ብቻ ነው። መድኃኒቷን ትዋጥ አትዋጥ፣ እንቅልፍ ይያዛት አይያዛት የማውቀው የለኝም።

እንኳን ደስ አለህ። ግቢያችን የመሥሪያ ቤት ግቢ መስሏል።

አክስትህ


ጥቅምት 2

ይድረስ ለአክስቴ፤

እድሜሽን እንደ ሰርዶ ያብዛው፣ ሥርሽም እንደሱ አይነቀል። አንቱታውን ትቼዋለሁ፣ አንቺም አቶውን ተይልኝ። ለባልደረቦቼ የተቀመቀመውን ጨርቅ ነገር ስነግራቸው አለቃዬ እንዲህ ያለች ሴት እኛ ጋ ብትቀጠር ብሎ ተመኘ። ስለ ጽጌረዳው አትጨነቂ፤ ተከርክሞ አይሞትም፣ ያቆጠቁጣል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ጨርቅ አይደለም። እሑድ ለእማዬ ደወልኩ። ደህና ነኝ አለችኝ፣ ድምጿ ግን የእሷ አይመስልም። ቀጥኗል። መድኃኒትሽን እየዋጥሽ ነው ወይ አልኳት፤ ደህና ነኝ። ሐኪም ቤት መቼ ሄድሽ፤ ደህና ነኝ። ግድግዳ የማናገር መሰለኝ። ለዘበኛው ደውዬ ብጠይቀው፣ ወጣ ማለት ቀንሰዋል፣ ሌላ አላውቅም ብሎ አፉን ያዘ።

አንቺ የጻፍሽልኝ በሰኔ ነው፤ ሻዩንም፣ መድኃኒቱንም፣ እንቅልፉንም። ከዚያ በፊት በነበሩት ደብዳቤዎችሽ ሁሉ ስለ እማዬ የነገርሽኝ ነገር ከየት እንደመጣ አሁን ነው የገባኝ። እኔ የማየው ጉልበቱን ብቻ ነበር።

እባክሽ አንኳኪ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም፣ ታረቂም አልልሽም። አንኳኪ፣ ስትከፍት ፊቷን አይተሽ ተመለሽ፣ ያየሽውን ጻፊልኝ። እስከሚቀጥለው ዓመት መምጣት አልችልም። ብችል ኖሮ በደብዳቤ እግርሽ ላይ አልወድቅም ነበር።

ጭራሮ


ጥቅምት 28

ይድረስ ለልጄ፤

ያሰብከው ይሙላልህ፣ ከእኔ የፈለግኸው ግን አልሞላልህም። አላንኳኳሁም።

አትቆጣ፣ መጀመሪያ ስማኝ። እስከ በሯ ሄጃለሁ። እጄንም አንስቼ ነበር። ከዚያ ከፍታ ምን ፈለግሽ ብትለኝስ ብዬ አሰብኩ። ምን እላታለሁ? የተሰደብኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ፊት የተሳቀብኝ እኔ ነኝ፤ በር የማንኳኳውም እኔ ልሁን? ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቃል እንኳ ፊት ለፊት አላልኳትም። እንዴት እንደሚጀመር አፌ ረስቶታል። እጄን መልሼ ኪሴ ከትቼ ቤቴ ገባሁ። እዚያም ተቀምጬ ራሴን ስረግም ዋልኩ።

ናፍቃኛለች። ይኸው አወጣሁት፣ ደስ ይበልህ። ጠዋት ስነሳ ጆሮዬ ድምጿን ይጠብቃል። ያ ጩኸቷ ራሴን ሲያዞረኝ የኖረ፣ ዛሬ ባገኘው በወርቅ እገዛዋለሁ። ከሌላ ሰው ጋር ተጣልቼ ቢሆን ኖሮ ሄጄ የምነግረው ለእሷ ነበር። ታዲያ የተጣላሁት ከእሷ ጋር ሆነና ለማን ልንገር?

ይህ ሁሉ ሳያንስ ጨርቅህ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። አረም አያስወጣም አላልክም? በእናትህ ጫፍ ወጥቷል! ከደጃፌ ሆኜ ነው ያየሁት፤ የእሷ ጫፍ ስለሆነ ቀርቤ አላየሁም። በዚያ በኩል ጠጠሩ አይታይም፣ ቀይ አፈር ለብሷል። ሰርዶውም አፈሩ ላይ ተደርድሮ ቆሟል። ዶሮ ገብቶ ጭሮት ነው ወይ ብዬ ዘበኛውን ስጠይቀው እኔ ምን አውቃለሁ ብሎ አንገቱን ደፋ። አንድ ሳምንት ሙሉ ዓይኔን አፍስሼ የዘመዘምኩት ጨርቅ ላይ አረም ሲበቅልበት ሳይ ማልቀስ ቃጣኝ። ለአለቃህ ንገረው፣ ዕቃው የማይረባ ነው።

መነጽሬ ተሰነጣጥቋል፣ ግን አትላክ። ምንም አትላክ። የምትልከው ነገር ሁሉ ይጎዳናል።

አክስትህ


ኅዳር 16

አክስቴ፤

ሰላምታውን ትቼዋለሁ፣ በሚቀጥለው እጥፍ አድርጌ እመልስልሻለሁ።

ጨርቁ ሐሰተኛ አይደለም። አረም ከሥሩ ወግቶት ቢወጣ ኖሮ ጠጠሩን እየገፋ፣ እዚህም እዚያም ብቅ ይል ነበር እንጂ ተደርድሮ አይቆምም። ከላይ የሚበቅለው ከላይ አፈር ሲኖር ብቻ ነው። ይህን በየቀኑ የማየው ነው። ደግሞ የመደቡ አፈር ጥቁር ነው፤ ልጅ ሆኜ የተጫወትኩበት ጭቃ ነው፣ አውቀዋለሁ። ቀይ አፈር ያለው ከእማዬ ኩሽና ጀርባ ብቻ ነው። አፈር በራሱ ቤቱን ዞሮ አይመጣም። ዶሮም ተሸክሞ አያመጣውም። ዘበኛው አንገቱን የደፋው አትናገር ተብሎ ነው።

እማዬ ናት፣ አክስቴ። አፈሩን ተሸክማ አምጥታ ጨርቁ ላይ አልብሳ አረም እየተከለችበት ነው። ጎንበስ እንዳትል ብዬ በላክሁት ጨርቅ ላይ አፈር ተሸክማ ጎንበስ ትላለች። ማንን ልታናግር እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ስለ መሐላሽ ምንም አልልም። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ተነሽ።

ጭራሮ


ታኅሣሥ 9

ይድረስ ለልጄ ለጭራሮ፤

አትደንግጥ፣ በሕይወት አለች። ከዚህ በፊት ምንም ምርቃት አላስቀድምም፤ ደብዳቤ ስትከፍት ዓይንህ መጀመሪያ የሚፈልገውን አውቃለሁ።

እናትህ እኔ ቤት ናት። ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር፤ ግፊቷ ሐኪሙን ራሱን አስደነገጠው። መድኃኒቷ ካለቀ ቆይቷል፤ ሄዳ አላስጻፈችም። እስከዛሬ የት ነበራችሁ ብሎ የተቆጣው እኔን ነው። አዲስ መድኃኒት ሰጥቷታል፤ ብቻዋን እንዳታድርም አዟል። አሁን ደህና ትሆናለች ብዬ አልዋሽህም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግመን እንሄዳለን፣ ሐኪሙ የሚለኝን ያኔ እጽፍልሃለሁ። ከእኔ ጋር መኖር እንደሆነ ቀላል አይምሰልህ። መኪናሽ ጆሮዬን በሳው ትላለች። አልጋው ጠበበኝ ትላለች። ትናንት አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ስትለካ ብብቱን ላላ አድርጊላት ብላ ከአልጋዋ አዘዘችኝ። ሰውነቴ ሁሉ ጋለ፣ ግን ብብቱን አላላሁት።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ እሷ እንደሆነ አትነግርህም።

ደብዳቤህን ፖስተኛው ሲሰጠኝ ቀሚስ እየለካሁ ነበር። በቁሜ አነበብኩት። ሜትሩን ከአንገቴ ሳላወርድ፣ ደንበኛዬን በስፒል እንደተወጋጋች ትቼ ወጣሁ። እናትህ እዚያው ነበረች። ጠጠሩ ላይ ተንበርክካ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳፋ በአፈር ሞልታ አጠገቧ አስቀምጣለች። በእጇ እየዘገነች ሥሩ ላይ ታለብሳለች፣ መታ መታ ታደርገዋለች። ፊቷ ከስቷል። አንድ ጉንጯ ላይ የቆየ ብልዝ አለ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር መምጣቴን አላወቀችም።

አንዲት ቀጭን የሰርዶ ቡቃያ ይዛ ነበር። አልጮኸችም፤ እኔ በጣም ስለቀረብኩ ነው የሰማሁት።

«ቶሎ እደግ» አለችው። «የምነግርህ አለኝ።»

ልጄ፣ መሐላዬን በምን እንደማልኩት እንኳ ጠፋኝ። ይቅርታም አላለችኝ፣ እኔም አልጠበቅኩም።

«ለእኔ ንገሪኝ» አልኳት።

ወዲያው አልዞረችም። እጇ ቡቃያው ላይ ቀረ። ከዚያ ለእሱ ዝቅ ብላ «ሰማህ? አናገረችኝ» አለችው። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመጨረሻ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ።

«ወድቄ ነበር» አለችኝ።

ብብቷን ይዤ አነሳኋት።

አክስትህ